ንድፍና ፍርድ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው «በሩ ይስፋልኝ፤ መተላለፊያው ይመቻችልኝ» ብሎ ሲያመለክት፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሥራው አልቋል፤ ማሻሻያውም ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል» የሚል ነው። ይህ መልስ የሚመሠረተው በመሐንዲስ ስሌት ላይ ነው። ስለሆነም አመልካቹ አቤት ብሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ከሕጉ ጋር አብሮ የሚመረመረው ንድፉና የዋጋ ግምቱ ይሆናል። ይህንን ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ክርክር በካናዳ ተካሂዷል።

ቪያ ሬይል የተባለው የካናዳ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ 139 ፉርጎዎችን በ29.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛ። ፉርጎዎቹ እንግሊዝን ከፈረንሳይ በሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ ለሌሊት ጉዞ ታስበው የተሠሩ፣ ነገር ግን አገልግሎቱ በመቅረቱ ያልተፈለጉ ነበሩ። 64ቱ ያለቀላቸው ሲሆኑ 75ቱ ገና ያልተገጣጠሙ ነበሩ። ዋጋቸው የሚያጓጓ ቢሆንም፣ በግል ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እንደ ልቡ ሊገለገልባቸው አይችልም ነበር። ሠራተኞች ወደ ሌላ ጠባብ ወንበር ሊያዛውሩት፣ ምግቡን ሊያመጡለት፣ ወደ መጸዳጃ ቤትም ሲሄድ ሊረዱት ግድ ነበር። ሰው ብቻውን ሊፈጽመው የሚችለውን ጉዳይ በሌላ ሰው እጅ ላይ መጣል ግን ክብርን የሚነካ ነገር ነው።

የአካል ጉዳተኛ ካናዳውያን ምክር ቤት ለአገሪቱ የትራንስፖርት ባለሥልጣን አቤቱታውን አቀረበ። ባለሥልጣኑም ድርጅቱን ስለ ማሻሻያው ወጪ በተደጋጋሚ ቢጠይቅም በቂ ማስረጃ ስላላገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ከፉርጎዎቹ 30 ያህሉ እንዲስተካከሉ አዘዘ። ድርጅቱ ይግባኝ በማለት፣ ወጪው ቢያንስ 48 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል የሚል የባለሙያ ግምት አቀረበ። ይህ ግምት የቀረበው ግን ከውሳኔው በኋላ ነበር። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ለድርጅቱ ፈረደ።

ምክር ቤቱም ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። መጋቢት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2007፣ አምስት ዳኞች በአራት ላይ በልጠው የባለሥልጣኑን ትእዛዝ አጸኑ። አናሳዎቹ ዳኞች ወጪውና የድርጅቱ ሌሎች ባቡሮች የሚሰጡት አማራጭ በሚገባ አልተመዘኑም ብለው ነበር። የብዙኃኑ ፍርድ ግን፣ ነባሩን እንቅፋት ማስወገድ ሲገባ አዲስ እንቅፋት መግዛት እንደማይፈቀድ፣ ወጪው ከመጠን ያለፈ ነው የሚለውም ወገን በማስረጃ ሊያስረዳ እንደሚገባው አስገነዘበ።

ለመሐንዲስ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የግዥ ዝርዝር መግለጫ ሲዘጋጅ የተረሳ የበር ስፋት በኋላ በብዙ እጥፍ ዋጋ እንደሚመለስ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ሁለተኛው፣ የዋጋ ግምት በወቅቱና በእውነት ካልቀረበ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰሚ ያጣል።

በኢትዮጵያም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ሁኔታ እንዲመቻች አሠሪን ሲያስገድድ፣ መብቱ የተነካበትም ሰው ክስ እንዲመሠርት ፈቅዷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕጉ ሲጣስ ዳኛው የሚፈርደው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። መስመሩ በወረቀት ላይ ሳለ ሊያቃናው የሚችለው ግን መሐንዲሱ ነውና፣ እያንዳንዱ ባልደረባ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት «በዚህ በር ማን ሊገባ አይችልም?» ብሎ ይጠይቅ።