የጓሮ አትክልትና የከሚሴ ብርድ
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅሬያችን የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ቢሆንም፣ በሕይወት ስላለው ሰው ጓዳም መነጋገር ይገባናልና ስለ ጓሮ አትክልት ጥቂት እንድናገር ተፈቅዶልኛል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት «በልግ ገባ» ብዬ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ተከልሁ። ሰላጣው ገና ሳንጠግበው አገዳ አውጥቶ አበበ፤ ብንቀምሰው እንደ ኮሶ መረረን። ጥቅል ጎመኑም ቅጠሉን በትኖ ቀረ እንጂ አልጠቀለለም። ባለቤቴ «ተወው፣ ይኸ የደሴ ሰው ነገር ነው» አለችኝ። እኔም አፈሩን ረግሜ ጓሮውን ለዶሮ ለቀቅሁት። ኋላ ስረዳው ግን ጥፋቱ የአፈሩ ሳይሆን የወሩ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሚሴ ግን 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 100 ሜትር ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ6 እስከ 7 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት አለ። ደገኛው ብርዱን ከቦታው ያገኘዋል፤ እኛ የምናገኘው ከወሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዝልናል፤ እንደ ደጋው ግን ውርጭ አያሰጋንም። ይህን ጊዜ የያዘ ከጓሮው ይበላል፤ ያሳለፈው ከገበያ ይገዛል።

እንግዲህ ወሩን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ጥቅል ጎመን በችግኝ መደብ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላም 3 ወር ያህል ይፈልጋል። በጥር እንዲደርስ ከተፈለገ ዘሩ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ መደብ ላይ ይውደቅ።

መስከረም ገና ሞቃት ነውና ለመደቡ ከሣር ትንሽ ዳስ ይሠራለት። በተለይ የሰላጣ ዘር አፈሩ ከጋለ አይበቅልም። ካሮት ግን ሲዛወር ሥሩ ይጣመማልና እዚያው በሚያድግበት ቦታ ይዘራ። ለመብቀል ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ እስኪበቅል አፈሩ አይድረቅበት። የቀይ ሥር አንዱ ፍሬ በውስጡ ሁለት ሦስት ዘር ስለሚይዝ ተጠጋግቶ ይበቅላል፤ ማሳሳት የግድ ነው። የተነቀለውም አይጣል፣ ቅጠሉ ይበላል። ከሁሉም የምትመቸው ቆስጣ ናት፤ የውጭ የውጩን ቀጥፈው ልቧን ከተዉላት ለብዙ ሳምንት ትመግባለች። በኦሮምኛ ራፉ የምንለው የአገራችን ጎመንም እንደዚሁ ነው።

ፍግ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ጎመኑን ክሽክሽ ሲወረው ገና በጥዋቱ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ሰላጣ ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ፣ የወንዝና የቦይ ውሃ ከጠጣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ሳይታጠብ ለልጆች አይሰጥ። ጓሮ የሌለው ሰው ቆስጣና ሰላጣን አፈርና ፍግ በሞላው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሊተክል ይችላል።

አሁን ወደ ቅሬያችን ልመለስ። ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፣ ምግብ ይዘን እንሄዳለን። ሰዉ ሲበተን ግን ሐዘንተኛዋ ከልጆቿና ከባዶ ድስቷ ጋር ትቀራለች። ለአንድ እፍኝ ጎመን ገበያ መውጣት የሚከብዳት ያን ጊዜ ነው። ከየጓሯችን አንድ አንድ እቅፍ ብንወስድላት ማናችንንም አያጎድልም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ጥቅል ዘር ለአንድ ቤት ይበዛል። ድንኳኑን በጋራ እንደ ገዛን ዘሩንም በነሐሴ በጋራ እንግዛ፤ አንድ የችግኝ መደብ አዘጋጅተን በጥቅምት ችግኙን እንካፈል። መጋቢት ላይ እንደ እኔ አፈሩን ከመርገም ይሻላል።