«እምቢ ስትል ለምን ሳቃችሁ?»

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ስለ ሕክምና እንዳወራ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የማወራው ስለ አንድ የአሥር ደቂቃ ኮሜዲ ነው። በ1995 ዶርም ውስጥ የቀረጽነው የሬዲዮ ድራማ ትዝ የሚለው እስቲ እጁን ያውጣ... አያችሁ፣ ያወጣችሁት ተዋናዮቹ ብቻ ናችሁ!

ያኔ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» ይተላለፍ ነበር። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ድረስ 257 ክፍል ሄዷል፤ ስለ ኤች.አይ.ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋ እያዋዛ ያስተምር ነበር። እኛም «ከማን እናንሳለን?» አልንና ለሚኒ ሚዲያ የሚሆን አጭር ድራማ በቴፕ ቀረጽን።

ታሪኩ ይኸው ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንዲት ልጅ ይወዳል። አናቶሚ ላጥና ብሎ አጥንት ሊዋስ በሯን ያንኳኳል። ክላቪክሉን ሲመልስ ፌመር ይዋሳል። በመጨረሻ ሙሉ አጽም እሱ አልጋ ሥር ተገኘ። እሷ «አልፈልግህም» ትላለች፤ እሱ «ግድ የለም፣ ነገ እመለሳለሁ» ይላል። በየ«አልፈልግህም»ዋ ላይ ዶርሙ በሙሉ የሳቀውን ሳቅ አስገባንበት። መጨረሻ ላይ «እሺ» ትላለች። ልጅቷን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ልጁን የተጫወተው ዛሬ የተከበረ ሰርጀን ስለሆነ ስሙን አልጠራም።

ለ1996 መስቀል አገና ስገባ ካሴቱን ይዤ ሄድኩ። መቼም የመስቀልን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ያልመጣ ዘመድ የለም፣ ክትፎው ቀርቧል። እናቴ የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥታ ጠበቀችን። ካሴቱ ሲከፈት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ልጄ፣ እምቢ ስትል ለምን ሳቃችሁ?» አለችኝ።

«ቀልድ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እኔንም ሰውየው ከገበያ ገበያ ሲከተለኝ ሰው ይስቅ ነበር። የወሰዱኝ ዕለት ስጮህም ጨዋታ የመሰለው ነበር።»

«ሰውየው» ያለችው ባሏን ነው። የልጆቿን አባት፤ እኔ በልጅነቴ ከረሜላ ሲሰጠኝ የኖረውን ሰው። የቃቄ ወርድወት፣ ሴት ያልፈለገችውን ባል ትፍታ ብላ የተሟገተችበት አገር ልጅ ሆኜ፣ በገዛ ቤታችን ያለውን አልሰማሁም።

ሕጉም ከሳቂዎቹ ጋር ነበር ማለት ይቻላል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበረው። ያ የቀረው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን ጋብቻው ከክስ አያድነውም፣ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

መሳቅ ይቅር አልልም። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» ጠለፋን ያህል ነገር ኮሜዲ አድርገውታል፤ እዚያ የሚሳቀው በጠላፊዎቹ ነው። እኛ ግን የሳቅነው በልጅቷ መልስ ላይ ነበር።

ግቢ ስመለስ ለሰርጀናችን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እንደገና እንቅረጸው» አለ። በአዲሱ ቅጂ ሳቁ በሩን ሲያንኳኳ ብቻ ነው የሚሰማው። «አልፈልግህም» ስትል ጸጥታ ነው። ልጁ አጥንቱን በጆንያ ተሸክሞ መጥቶ፣ እየቆጠረ ያስረክብና ይሄዳል። አንዲት የጣት አጥንት ጎድላ ነበር፤ እሷን ለመፈለግም አልተመለሰም።

አሁን ድንገተኛ ክፍል አንዲት ልጅ «ባሏ ነኝ» ከሚል ሰው ጋር ስትመጣ፣ እሱን ውጭ አስጠብቄ ብቻዋን አናግራታለሁ። መልሱን እሱ ሊመልስላት ሲሞክር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መምህሮቻችን፣ ይህቺን አምስት ደቂቃ ለኢንተርኖቹ ብታስተምሩልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት።

ሁለተኛው ካሴት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቴፕ ያለው ሰው ካለ ከምሳ በኋላ እንክፈተው።