«አይ7 ነው» ሲሉሽ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ
(በእሁድ ስብሰባችን ስለ ላፕቶፕ ግዢ የቀረበ ንግግር)

በሳምንት አንዴ ከምታገኟት ዕረፍት ላይ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ላፕቶፕ ነው። አንዷ ለራሷ ኮርስ፣ ሌላዋ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወንድሟ ለመላክ ብላ ያገለገለ ላፕቶፕ ትገዛለች። የምንከፍለው የስንት ወር ላብ መሆኑን እኛው እናውቃለን። ስለዚህ ሻጩ ያለንን ብቻ ሰምተን ገንዘባችንን አናስረክብ።

ከሁሉ በፊት ፕሮሰሰሩን እዩ። ለምን መሰላችሁ? በብዙ ላፕቶፖች ዲስኩን መቀየር ይቻላል፣ ሚሞሪም መጨመር የሚቻልባቸው አሉ። ፕሮሰሰሩ ግን በአሁኖቹ ላፕቶፖች ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ አንዴ ከገዛሽው ከእሱ ጋር መኖር ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት የሁለት ኩባንያዎችን ነው። ኢንቴል አይ3፣ አይ5፣ አይ7 ይላል። ኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 3፣ ራይዘን 5፣ ራይዘን 7 ይላል። ሻጮች እዚህ ላይ ያቆማሉ። «አይ7 ነው፣ ከሱ በላይ የለም» ይሉናል። ዋናው ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አይ7-7500ዩ የሚባለው በ2016 የወጣ 7ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ ያለው 2 ኮር ብቻ ነው። አይ5-8250ዩ በ2017 የወጣ 8ኛ ጄኔሬሽን ሲሆን 4 ኮር አለው። ኮር ማለት ሠራተኛ እንደማለት ነው። ማዳም ቤት እንግዳ በመጣ ቀን ሁለት ሆኖ መሥራትና አራት ሆኖ መሥራት ምን ያህል እንደሚለያይ ለእኛ ማንም አያስተምረንም! ስሙ «አይ7» ስለሆነ ብቻ ውድ አድርጎ የሚሸጥልሽ ሰው፣ ሁለቱን ሠራተኛ በአራቱ ዋጋ እየሸጠልሽ ነው።

አነባበቡ ቀላል ነው። 8250 ካለ የመጀመሪያው 8 ጄኔሬሽኑ ነው። 10210 ካለ 10ኛ ነው። አይ5-1135ጂ7 ካለ ደግሞ 11ኛ እንጂ 1ኛ አይደለም፤ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። መጨረሻ ላይ «ዩ» ካለ ኃይል ቆጣቢ ነው፣ «ኤች» ካለ ፈጣን ነው ግን ባትሪ ይበላል። እዚህ ቤይሩት መብራት እየሄደ እየመጣ ለምንኖር ሰዎች፣ ለጽሑፍ፣ ለሂሳብ ሥራና ለኦንላይን ትምህርት «ዩ» ይበቃናል።

«ኢንቴል ካልሆነ አትግዢ» የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ራይዘን 5 3500ዩ 4 ኮር አለው፤ ራይዘን 5 5500ዩ ደግሞ 6 ኮር አለው። በተመሳሳይ ዋጋ ካገኛችሁት ስሙን አይታችሁ አትለፉት። በአንጻሩ ሴሌሮን የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። ኤን4020 የሚባለው 2 ኮር ብቻ ነው፤ ከካርቶን የወጣ አዲስ ቢሆንም ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲከፈትበት ይጨናነቃል።

ሌላው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ፣ ከኤኤምዲም በላፕቶፕ ከራይዘን 3000ዎቹ ጀምሮ ያሉትን ነው። ስለዚህ ከ8ኛ በታች ባትገዙ ይሻላል።

ሱቅ ስትሄዱ ስቲከሩን አትመኑ፤ ስቲከር ይለጠፋል። ላፕቶፑን አስከፍቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና እስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። በሚመጣው መስኮት «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና የኮሩ ብዛት ይታያል። እዚያው ሚሞሪው 8 ጊጋ መሆኑን፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ መሆኑን እዩ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ ትንሽ ጠብቁ። «አይከፈትም፣ ቤትሽ ወስደሽ እዪው» ካለሽ ሰላም ብለሽው ውጪ።

ባለፈው ወር አንዷ እህታችን ለወንድሟ ልትገዛ ሄዳ «አይ7» ተባለች። ቁልፎቹን ስትጫን አይ7-2620ኤም ሆኖ ተገኘ፤ የ2011 ዕቃ፣ 2 ኮር። ገንዘቧን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ገንዘብ አይ5-8250ዩ ያለው አገኘች። አሁን ወንድሟ እየተማረበት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን መስኮት ፎቶ አንስታችሁ ወደ ግሩፓችን ላኩ፤ ከመካከላችን የምታውቅ ታነብላችኋለች። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትፈሩ፣ የምታነቡት ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ደመወዛችንን ስንቆጥር የለመድነው ነው።