ፖስት ፒል ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በቦሌ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር



ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ንጽሕናና ስለ ጋብቻ ክቡርነት የምታስተምረውን ከአባቶች ሰምታችኋል፤ ያንን መድገም የእኔ ድርሻ አይደለም። የእኔ ድርሻ ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራና መድኃኒቶቹ ምን እንደሚያደርጉ መግለጽ ነው። በዝምታ ብናልፈው ወጣቱ ከጓደኛው ወሬ ይማረዋልና።

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ፖስት ፒል የሚለውን ስም ያልሰማ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። አሠራሩን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እንክብሉ እንቁላል ከእንቁልጢ የምትወጣበትን ጊዜ ያዘገያል። እንቁላሏ አስቀድማ ከወጣች የሚያዘገየው ነገር የለም፤ የተጀመረ እርግዝናንም አያቋርጥም። ስለዚህ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ቀን መወሰድ አለበት። በተወሰደ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ይገባል። ለድንገተኛ ጊዜ የተዘጋጀውን እንደ ዘወትር መከላከያ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ይዛባል፤ መከላከሉም ከመደበኛዎቹ ዘዴዎች ያነሰ ነው።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎች እርግዝናን ፈርተው ኤች አይ ቪን ይረሳሉ። ፖስት ፒል ከኤች አይ ቪ ፈጽሞ አይከላከልም። ከዘዴዎቹ ሁሉ ሁለቱንም የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜና በትክክል ሲጠቀሙበት። ተገድዳ የተደፈረች እህት ደግሞ ከፋርማሲ እንክብል ገዝታ ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ አብራችኋት ሂዱ።

ለማግባት ለተዘጋጃችሁ ጥቂት ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች 41ዱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም 27ቱ መርፌ። የ3 ወሩ መርፌ እንቁላል እንዳትወጣ ያግዳል። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ካቆሙት በኋላ ግን ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል። የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ 10 ዓመት ያህል ይቆያል። የየዕለቱ እንክብል ለምትረሳ ሴት አይመችም።

አንዳንድ ባለትዳሮች በጾም ወራት መታቀባቸውን እንደ መከላከያ ይቆጥሩታል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን መንፈሳዊ ሥርዓት ነው፤ እንቁላል ግን የጾሙን አቆጣጠር አትከተልም። የምትወጣው ከቀጣዩ የወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀድማ ነው፤ የወንዱ ዘርም በማኅፀን እስከ 5 ቀን ይቆያል። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሳምንት በትክክል ያ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በተፈጥሯዊው መንገድ መሄድ የሚሹ ባልና ሚስት የሚቆጥሩት የሚስቲቱን የወር አበባ ዑደት ነው። ዑደቷ ለሚዛባባት ይህም አያስተማምንም።

አሁን ወረቀት ይታደላል። ስማችሁን ሳትጽፉ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ።