ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ

ዛሬ የማወራችሁ በሰው አገር ስለ መኖር ነው።

ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ በልቤ “ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ” ብዬ ነበር። ስለዚህ አንዱን ሻንጣ ሳልከፍተው ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ፤ ሻንጣው ግን እዚያው ነው። ቅዳሜ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ እገዛለሁ፣ እሁድ በአማርኛ አመልካለሁ፣ በሥራ ቀን አንገቴን ደፍቼ ሠርቼ እገባለሁ። ሰው “እንዴት ነህ?” ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ ሲያልፍ ያመኛል። ተሳስመን፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠያይቀን ነዋ ያደግነው! “እነዚህ ሰዎች ፍቅር የላቸውም” ብዬ ፈረድኩባቸው።

አንድ ሌሊት በረዶ ሲጥል አምቡላንስ ከጎረቤቴ ደጅ ቆመ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኛው “ስማቸው ማን ነው? ዘመድ አላቸው?” ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። ስድስት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስማቸውን አላውቅም! በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። በረዶው ደጄን ዘግቶታል። ለካ እስከ ዛሬ የእኔንም ደጅ ጭምር ሲጠርጉልኝ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ፍቅር ያጣው ማን ነበር?

ወገኖቼ፣ ወደ ባቢሎን ስለ ተማረኩት አይሁድ ታውቃላችሁ። በኤርምያስ ምዕራፍ 28 ሐናንያ የሚባል ነቢይ “ሁለት ዓመት ብቻ ነው” ብሎ ሕዝቡን አስደሰተ። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን ሐሰት ነበር። በምዕራፍ 29 ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለዚያችም ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ልብ በሉ፣ ንጉሣቸውን ማርካ ለወሰደች ከተማ ነው ጸልዩ የተባሉት! መመለሱን አልካደም፤ ጊዜው ግን 70 ዓመት ነው።

“ታዲያ ማንነቴን ልተው?” የሚል አለ። አይደለም። ዳንኤል የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማረ፤ በንጉሡ ማዕድ ግን አልረከሰም። መልመድ ሌላ፣ መቅለጥ ሌላ።

እኔም ያን ዕለት ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎትቼ ከፈትኩት። እናቴ አጥፋ የሰጠችኝ ጋቢ ከነሽታው ወጣ። አለቀስኩ። ሽማግሌው ከሆስፒታል ሲመለሱ ጋቢውን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ በመጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስማቸውን ነው። ዛሬ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው። በረዶውንም የምጠርገው እኔ ነኝ።

በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በዓረብ አገርም ያላችሁ ወገኖች፣ አንዳንዶቻችሁ በር ተዘግቶባችሁ፣ ፓስፖርታችሁ በሰው እጅ ሆኖ ትኖራላችሁ። የእናንተን ጭንቅ ከእኔ ጋር አላስተካክልም፤ እግዚአብሔር ያያችኋል። በሩ የተከፈተልን ግን ምን ምክንያት አለን? አገራችሁን አትርሱ፣ ለእርሷም ጸልዩ። ግን ዛሬ የምትኖሩበትን መንደር ስም ጠርታችሁ ጸልዩለት። በዚህ ሳምንት የአንድ ጎረቤታችሁን ስም እወቁ።

ጌታ ሆይ፣ ባስቀመጥኸን ስፍራ ለሌሎች በረከት አድርገን። አሜን።