ለምድሪቱ ዕረፍት፣ ለወፏም ድርሻ
(ለስግድ በዓል በራዲዮ የተላለፈ ቃል)



በአገራችን ለስግድ ወደ ተራራው ስንወጣ፣ በአንዳንድ ሥፍራ የሞቱትን ዘመዶች ስም እየጠሩ እህል በድንጋዩ ካብ ላይ ማኖር ልማድ ነበር። ያም እህል የወፎች ምግብ ይሆን ነበር። ኦሪትም በሰባተኛው ዓመት ምድር እንድታርፍ፣ የበቀለውን ድኻ እንዲበላው፣ ከድኻ የተረፈውም ለዱር አራዊት እንዲሆን ታዝዛለች። እንግዲህ አውሬና ወፍ ከምድር ድርሻ እንዳላቸው ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዛሬ ልናሳስባችሁ የወደድነው፣ በፎቆች መካከል ስለ ቀረችው ቁራሽ መሬት ነው።

በኢየሩሳሌም ደቡብ ምዕራብ፣ በአውራ ጎዳናና በሰፈሮች ተከብቦ፣ ኤሜክ ሀጽቫይም፣ ማለት የሚዳቋ ሸለቆ የሚባል ሥፍራ አለ። ስፋቱ 250 ዱናም ያህል ነው። ቀድሞ የፍራፍሬ እርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቤት ሊሠራበት በታቀደ ጊዜ፣ በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው ተቃወሙ። ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጀ። በዚህ መካከል መንገዱ ሚዳቋዎቹን ከተራራው ስለ ለያቸው፣ መኪናና ውሻም ስለ ፈጃቸው፣ ጥቂት ብቻ ቀሩ። ነዋሪዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2015 ሸለቆው ታጥሮ ለሕዝብ ተከፈተ፣ መንጋውም እንደገና በዛ።

«እኛ ይህን ያህል መሬት ከየት እናመጣለን?» ትሉ ይሆናል። በክኔሴትና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መካከል የሚገኘው የወፎች መመልከቻ፣ በ1994 የተጀመረው አምስት ዱናም ያህል በሆነች ቦታ ነው። በዚህች አገር ሰማይ በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ይመላለሳሉ። ወደ ኢትዮጵያ የሚወርዱም ከእነርሱ መካከል አሉ። ለደከመ መንገደኛ ትንሽ ጥላና ጥቂት ውኃ ትልቅ ነገር ነው።

ከቤታችን ሥር ያለችው መሬት ግን ብዙ ጊዜ የቆሻሻ መጣያ ናት፤ አለዚያም ሣሯ ዘወትር ይታጨዳል፣ መርዝም ይረጭባታል። እንዲህ ባለች መሬት ንብ አይቀርብም። ለመመለስ ሥራው ከባድ አይደለም፤ የአንድ ሰው ሥራ ግን አይደለም። አስቀድሞ ጎረቤት ከጎረቤት ይስማማ። መሬቱ የሕንፃው ከሆነ ቫአድ ባይት፣ የከተማው ከሆነ ዒሪያ ይጠየቅ። ቆሻሻው ይነሣ፤ ከውጭ መጥቶ የአገሩን ተክል የሚያንቀው ይነቀል። በአገራችን ዝናቡ በሰኔ ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን በስግድ ሰሞን ይጀምራል፤ ስለዚህ የአገሩን አበባ ዘር የምንዘራው አሁን ነው። አበባው ደርቆ ዘሩን ሳያፈስ አይታጨድ። በዝርግ ሳህን ውኃ ይቀመጥ፤ ትንኝ እንዳይፈላበት ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። ከዱር ግን አንድም ሥር አታንሡ፤ ካላኒትና ራኬፌት በሕግ የተጠበቁ ናቸውና ከሚሽታላ ይገዙ።

ያልታጨደ መሬት ያየ ሰው «ባለቤት የለውም» ብሎ ቆሻሻ ይጥልበታል። ስለዚህ በዙሪያው አነስተኛ ካብ ካቡለት፤ በመካከሉም የእግር መንገድ አበጁ። ያን ጊዜ በአሳብ የተተወ እንጂ የተረሳ እንዳልሆነ ሁሉ ያውቃል።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «በዚህ አገር እኛ ምን እናውቃለን? ቋንቋውም ትምህርቱም የልጆቹ ነው» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ልባችንን ያሳዝነዋል። መሬትን ጦም ማሳደር፣ ዘር መምረጥ፣ የደመናን መልክ መለየት የእናንተ እውቀት ነው። ልጆቹ ከመጽሐፍ የሚማሩትን እናንተ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ውረዱ። እርሱ የአበባውን የዕብራይስጥ ስም ይንገራችሁ፤ እናንተም ዘሩ መቼ እንደሚለቀም አሳዩት። እናንተ ሳላችሁ ያልተማረውን ከማን ይማረዋል?

የእስራኤል አምላክ ዝናቡን በጊዜው ያውርድልን። ሽማግሌዎቻችንን በጤና ያቆይልን፤ ልጆቻችንን ያሳድግልን። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን። አሜን።