ቅባትም እንደ ብረት ይዝጋል

በሉ፣ አብረን እንማር።

ማረሻ ዝናብ ላይ ቢያድር ምን ይሆናል? ይዝጋል። የሚያዝገው ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ነው። የኑግ ዘይትስ ክዳኑ ሳይገጠም ፀሐይ ላይ ቢሰነብት? ሽታው ይከረፋል፤ ጣዕሙም ይመራል። ኦክሲጅን ቅባቱን ስለ ነካው ነው። እንግዲህ ቅባትም እንደ ብረት ይዝጋል ማለት ነው።

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ቀጭን የቅባት ሽፋን አለው። ይህን ሽፋን ከዝገት ከሚጠብቁት ዘበኞች አንዱ ቪታሚን ኢ ነው። ከዘይት፣ ከሱፍና ከለውዝ እናገኘዋለን።

ዘበኛው ሲጎድልስ? ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት ይታያል፤ በሌላው ዓለምም አይጠፋም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ሕፃኑ ከእናትና ከአባቱ ወርሶት ይወለዳል፤ ወላጆቹ ግን ራሳቸው ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። የልጁ ላብ ጨው ይበዛበታል። እናቱ ግንባሩን ስትስመው ጨው ጨው ይላታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም የሞቱ ሕፃናትን ቆሽት መርምረው ስለ በሽታው ጻፉ።

ቆሽት ቅባትን የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል። በዚህ በሽታ ግን ፈሳሹ ይወፍርና መተላለፊያውን ይደፍናል። ልጁ ይበላል፣ ደግሞ ይርበዋል፤ ሰውነቱ ግን አይፋፋም። ቅባቱ ሳይፈጭ በዓይነ ምድር ይወጣል። ቪታሚን ኢም የሚገባው ከቅባት ጋር ስለ ሆነ አብሮ ያልፋል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በሳንባው ውስጥ አክታ ይወፍራል፤ ጀርም ይራባል። ነጭ የደም ሕዋሶች ጀርሙን ለመግደል የሚረጩት ነገር የገዛ ሰውነትን ቅባት ጭምር ያዝጋል። ዘበኛው ጥቂት፣ ጠላቱ ብዙ ሆነ።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲከሳ «እናቱ አታበላውም» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። እናቱ ታበላዋለች፤ ሆዱ ነው ያልተቀበለው። ሐኪሞች ከምግቡ ጋር የቆሽትን ሥራ የሚተካ መድኃኒት ይሰጡታል። ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ደሙን እየመረመሩ በልክ ይጨምሩለታል። ያለ ልክ መውሰድ ግን ይጎዳል። ቪታሚን የጎደለውን ይሞላል እንጂ በሽታውን አያድንም። በ2019 የበሽታውን ሥር የሚነካ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዶ ብዙዎችን ረድቷል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

አሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡና መልሱ፦
1. ዘይት ለምን ይከረፋል?
2. የቅባት ዘበኛ ማን ነው?
3. ልጁ እየበላ የሚከሳው ለምንድን ነው?

ያወቃችሁትን ላላወቀ ንገሩ።